«ይበቃል» የሚለው ማን ነው?

ሰው ጡንቻውን ለማጠንከር ምን ያህል ቢደክም ይበቃዋል? ጥያቄው ለስፖርት አስተማሪ እንጂ ለፈላስፋ የሚቀርብ አይመስልም። በእነዚህ ገጾች ላይ ግጥምና አጭር ልቦለድ ሲጠብቅ የነበረ አንባቢ «ደግሞ ብለን ብለን ስለ ክብደት ማንሣት ልናነብ ነው?» ቢል አልፈርድበትም። ቢሆንም እስቲ ጥቂት ይታገሠኝ። «ምን ያህል ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ ስለ ገንዘብ ሲነሣ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው እንላለን። ስለ ሥልጣን ሲነሣም እንዲሁ። ታዲያ ስለ ገዛ ክንዳችንና ጭናችን ሲነሣ ይህን ማዕርጉን የሚገፈፈው ስለምንድን ነው?

እንዲያውም የጥንቶቹ ነገሩን የጀመሩት ከዚሁ ነው። አሪስቶትል «የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» በሚባለው መጽሐፉ በጎነት በመብዛትና በማነስ መካከል ያለ ነው ብሎ ሲያስተምር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም፤ የሄደው ወደ ትግል ሜዳ ነው። የሰውነት ልምምድ ሲበዛም ጉልበት ያጠፋል፣ ሲያንስም ያጠፋል ይላል። ቀጥሎም 10 ምናን ምግብ ቢበዛ፣ 2 ምናን ደግሞ ቢያንስ፣ አሠልጣኙ ብድግ ብሎ ለሁሉም «እንግዲያው 6 ብሉ» አይልም ይላል፤ 6ቱ ለሚሎን ያንሰዋል፣ ትግል ትናንት ለጀመረው ልጅ ግን ይበዛበታልና። (ይህ ሚሎን የክሮቶን ሰው ነው፤ አንድ ጥጃ በየቀኑ እየተሸከመ፣ ጥጃው አድጎ በሬ ሲሆንም መሸከሙን አልተወም የተባለለት። ተረት መሆኑ ነው እንግዲህ። ጥጃ ከሰው ጡንቻ ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያድግ ከብት የጠበቀ ሁሉ ያውቃል።) ከዚህ የምንረዳው ነገር ቢኖር በቂ የሚባለው ልክ ቁጥርን ለሁለት በማካፈል እንደማይገኝ ነው። ሰውየው ማን ነው? ጉልበቱን የሚፈልገውስ ለምን ጉዳይ ነው? ይህ ሳይታወቅ «በቂ» ማለት ባዶ ቃል ነው።

ሮማዊው ሴኔካ ደግሞ ለወዳጁ ለሉኪሊዮስ በጻፈው 15ኛ ደብዳቤ ነገሩን ጠበቅ አድርጎ ይዞታል። የተማረ ሰው ክንዱን ለማፈርጠምና አንገቱን ለማወፈር ቀኑን መፍጀቱ ሞኝነት ነው፤ ምንም ያህል ብትደክም የሰባ በሬን በክብደትም ሆነ በጉልበት አትስተካከለውም ይለዋል። ፈጽሞ ተወው ግን አይለውም። ሰውነትን ቶሎ የሚያደክሙ፣ ጊዜ የማይፈጁ ቀላል ልምምዶች አሉ፤ ሩጫ፣ ክብደት ማወዛወዝ፣ ዝላይ። እነሱን አድርግና ከሥጋህ ወደ አእምሮህ ፈጥነህ ተመለስ ነው ምክሩ። አሁን በየአገሩ «ጥቂት ግን በቂ» እየተባለ የሚሞከረው ስፖርት የሁለት ሺህ ዓመት አባት አለው ማለት ነው።

እኔ ግን በሴኔካ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰውየው ባለጠጋ ነበር፤ ባሮችም ነበሩት። የቤቱን ሸክም የሚያነሣው የሌላ ሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ ለሥጋ ጥቂት ስጠው ሲል ጥቂትነቱ የመጣው ከንቀት ነው፤ ሥጋን እንደ ሎሌ፣ የሚጣልለትን በልቶ ዝም እንደሚል ሎሌ አድርጎ ከማየት። ልኩ ትክክል ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ግን አልጣመኝም።

ሌላ ምክንያት የሚገኘው ከሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ቶማስ ዲሎርም የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሠራዊት ሐኪም በጦርነት ቆስለው ጉልበታቸውና ጭናቸው የሟሸሸ ወታደሮችን በክብደት ማንሣት እንዴት እንደሚያክም ጽፎ አሳተመ። በዚያን ዘመን ለደካማ እግር የሚታዘዘው ቀላል እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ እየደጋገሙ መሥራት ነበር። ዲሎርም ይህን ገለበጠው፤ ከባድ ክብደት በጥቂት ድግግሞሽ፣ በየሳምንቱም ክብደቱን ትንሽ ትንሽ መጨመር። በመጀመሪያ ያዘዘው ከ7 እስከ 10 ዙር፣ እያንዳንዱ ዙር 10 ጊዜ፣ በጠቅላላው ከ70 እስከ 100 ድግግሞሽ ነበር። በ1948 ከባልደረባው ከዋትኪንስ ጋር ሲጽፍ ግን ይህ እንደሚበዛ ተናግሮ ወደ 3 ዙር፣ ማለትም ከ20 እስከ 30 ድግግሞሽ አወረደው። ልብ በሉ! ቁጥሩን ያወረደው ስንፍና አይደለም። ጥያቄው «ይህ ልጅ በእግሩ ቆሞ ወደ ቤቱ እንዲሄድ ስንት ይበቃዋል?» የሚል ስለነበረ ነው። ዓላማው ግልጽ ሲሆን ልኩም ይገለጻል።

እርግጥ ወደ ታችም መጨረሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሔቲንገርና ሙለር የተባሉ ሁለት የጀርመን ተመራማሪዎች በቀን አንዴ ብቻ፣ ለ6 ሰከንድ ያህል፣ የማይነቃነቅን ነገር መግፋት ጡንቻን በሳምንት 5 በመቶ ያጠነክራል ብለው ጻፉ። ስድስት ሰከንድ! ጫማ ለማሰር እንኳ አይበቃም። ከዚያ በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ያን የሚያህል ዕድገት አላገኙም። ምንም ሳይሰጡ መቀበል የሚባል ነገር በሥጋም የለም።

ዛሬ ስለ ጡንቻ የሚታወቀው በአጭሩ ይህ ነው። ከአንድ ልምምድ የሚገኘው ጥቅም አብዛኛው በመጀመሪያው ዙር ይገኛል፤ ሁለተኛው ይጨምራል፣ ሦስተኛውም ይጨምራል፣ ግን እያነሰ ይሄዳል። ጡንቻ በሚሠራበት ሰዓት ሳይሆን ከዚያ በኋላ በዕረፍትና በምግብ ነው የሚታነጸው። የተገኘውን ለመጠበቅ ደግሞ ለማግኘት ከወጣው እጅግ ያነሰ ይበቃል፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት 16 ሳምንት የሠለጠኑ ወጣቶች ከዚያ በኋላ የሥራቸውን አንድ ዘጠነኛ ብቻ እየሠሩ ለ32 ሳምንት ጡንቻቸውን ጠብቀው ቆይተዋል። ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑት ግን አንድ ዘጠነኛው አልበቃም። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይላል እንጂ 6 ቀን አይልም።

ይህን ካነበብሁ በኋላ በራሴ ላይ ሞከርሁት። ጂምናዚየም ለመግባት ኪሴ አይፈቅድም፤ ደግሞም አያስፈልግም። ሁለት ባዶ የቀለም ቆርቆሮ፣ አንድ የቆየ የውሃ ቧንቧ፣ ከግንባታ ቦታ የተለመነ ሲሚንቶና አሸዋ። ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰፈር የለም። ሲደርቅ ወፍጮ ቤት ወስጄ አስመዘንሁት፤ 22 ኪሎ። (ባለ ወፍጮው «ይህ ደግሞ ስንት ዱቄት ይወጣዋል?» ብሎ ሳቀብኝ።) ማክሰኞና ዓርብ፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ ያህል፣ ሦስት ሥራ ብቻ፤ መሬት ላይ ተዘርግቶ ፑሽ አፕ፣ ብረቱን ትከሻ ላይ አድርጎ ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ ጎንበስ ብሎ ብረቱን ወደ ሆድ መሳብ። ከእያንዳንዱ ሁለት ዙር። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ልጨምር እችላለሁ የምልበት ስደርስ አቆማለሁ። በሳምንት አንድ ቁጥር ብቻ መጨመር ነው ሕጉ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

በአራት ወር ውስጥ 9 የነበረው ፑሽ አፕ 26 ደረሰ። ክንዴን በልብስ ሰፊ ሜትር ስለካው አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ጨምሯል። አራተኛ ፎቅ ስወጣ አላለከልክም። ይህ የአንድ ሰው ነገር ነው፤ ማስረጃ ብዬ አላቀርበውም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለውጥም ጡንቻ ስላደገ ሳይሆን ነርቭ ሥራውን ስለተማረ መሆኑ የታወቀ ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ያስገረመኝ በሦስተኛው ሳምንት የመጣው ስሜት ነው። ገና መለወጥ ሲጀምር በውስጤ አንድ ነጋዴ ተነሣ፤ «ሁለት ቀን ይህን ከሰጠህ ስድስት ቀን ሦስት እጥፍ ይሰጥሃል! ለምን ትከስራለህ?» ይለኛል። ዓርብ ማታ ብረቱን አስቀምጦ መሄድ ማክሰኞ ከማንሣቱ ይልቅ ከበደኝ። ለካ «ጀምር» ከሚለው ትእዛዝ ይልቅ «ይበቃል» የሚለው ነው ጡንቻ የሚጠይቀው።

እዚህ ላይ ከአንድ የመኝታ ክፍል ወዳጄ ጋር የተጣላንበትን ጉዳይ ማንሣት አለብኝ፤ ጽሑፉን ያጻፈኝም እሱ ነው። ይህ ልጅ ያደገው ከእንጦጦ ግርጌ ነው። እናቱ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል እየለቀሙ፣ አስረው፣ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ እያወረዱ ነው ያሳደጉት። ሸክሙ ከ30 ኪሎ አያንስም፤ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ያችን ቁልቁለት የወጣ የወረደ ሰው እነዚያን ሴቶች ያውቃቸዋል፤ ከሩቅ ሲታዩ እግር ያወጣ የእንጨት ክምር ይመስላሉ። አንድ ቀን ብረቴን ሳነሣ ቆሞ ሲያይ ቆየና፦

«አንተ፣ ስንት ጊዜ አነሣኸው?» አለኝ።

«ሃያ።»

«ታዲያ የት አደረስከው?»

ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። «የእናቴ ሸክም ቢያንስ ሽሮ ሜዳ ይደርስ ነበር» አለኝ። «ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሸክም ጉልበት የሚያሳድግ ከሆነ፣ እሷ ሃያ ዓመት ተሸክማ ለምን አልጠነከረችም? ያደገ ክንድ አላየሁባትም። የጎበጠ ወገብ ነው ያየሁት።»

ይህ ጥያቄ ቀልድ አይደለም። በዚያው ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ለሳምንታት አብሮኝ ሰነበተ። የመጀመሪያው መልሴ የሥነ ሕይወት መልስ ነው። የእኔ ብረት ልኩ የሚወሰነው በእኔ ዐቅም ነው፤ የእሳቸው ሸክም ልክ የሚወሰነው በገበያ ነው። እኔ ካነሣሁ በኋላ ሦስት ቀን አርፋለሁ። እሳቸው በማግሥቱ ዳገቱን ይወጣሉ። እኔ ካነሣሁ በኋላ እበላለሁ፤ እሳቸው የሚበሉት ያወረዱት እንጨት ሲሸጥ፣ ያውም ከልጆች የተረፈ ከሆነ ነው። ጡንቻ የሚታነጸው በዕረፍትና በምግብ ነው ካልን፣ ዕረፍትም ምግብም የሌለበት ሸክም ከዐጥንት ላይ ይበደራል። ደግሞም ወዳጄን አንድ ነገር አርሜዋለሁ፤ እናቱ አልጠነከሩም ማለቱ ስሕተት ነው። ከዚህ ግቢ ተማሪ ውስጥ 30 ኪሎ ተሸክሞ ያን ቁልቁለት የሚወርድ ስንቱ ነው? ጠንክረዋል እንጂ! ግን ጉልበታቸው በበቀለበት ቀን ይሸጥ ነበር። ለራሳቸው የሚተርፍ አልነበረም።

ስለዚህ በስፖርትና በጉልበት ሥራ መካከል ያለው ልዩነት ክብደቱ ላይ አይደለም። ላብም ያው ላብ ነው። ልዩነቱ «ይበቃል» የሚለው ቃል በማን አፍ ውስጥ እንዳለ ነው። መርካቶ ውስጥ ኩንታል የሚሸከመው ኩሊ ሲደክመው አያቆምም፤ የሚያቆመው መኪናው ባዶ ሲሆን ነው። እኔ ብረቱን ሳወርድ የሚቆጣኝ የለም። ነፃነት ምንድን ነው ብለን ብዙ እንከራከራለን፤ አንዱ ትርጉሙ ሲበቃ ማቆም መቻል ይመስለኛል።

ወዳጄ ግን በዚህ አልረካም። «እንግዲያው አንተ የያዝከው የትርፍ ጉልበት ጨዋታ ነው» አለኝ። አዎን፣ ትርፍ ነው። መልስ ብዬ ልሰጠው የነበረው ይህ ነበር፦ እኔ ጉልበቴን ባላሳድገው ለእናትህ አይተላለፍም። ግን ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ አንድ ነገር ሸተተኝ። ሆዳም ሰውም እኮ «እኔ ያልበላሁት እንጀራ ለተራበው አይደርስም» ነው የሚለው! ለሆዳም የሚያገለግል ምክንያት ለእኔ ሲያገለግለኝ ብጠረጥረው ይሻላል። ስለዚህ በእሱ ላይ አልደገፍም።

የምደገፈው በልኩ ላይ ነው። በሳምንት 40 ደቂቃ፣ በቀለም ቆርቆሮና በሲሚንቶ፣ ማንም ፊት ቆሜ መልስ ልሰጥበት የምችል ነገር ነው። አካሌን ላከብረው የሚገባኝን ያህል ማክበር ነው፤ ነገ የማነሣው በሽተኛ፣ የምገፋው መኪና፣ የምሸከመው ልጅ አይጠፋም። በየቀኑ ሁለት ሰዓት መስተዋት ፊት፣ ከውጭ በመጣ ዱቄትና በደርዘን እንቁላል፣ ክንድ ከክንድ ለማወዳደር ሲሆን ግን መልሱ እየከበደ ይሄዳል። ሁለቱም ትርፍ ናቸው። ትርፍና ትርፍ ግን አንድ አይደለም። አንዱ የሚቆምበት አለው፤ ሌላው የለውም። የጥቂቱ ስፖርት የሥነ ምግባር ክብደት እኔ እንደሚገባኝ እዚህ ላይ ነው፤ መጠኑ ራሱ የመልሱ ክፍል ነው።

«ይህ እኮ የፋብሪካ ባለቤት ሐሳብ ነው፤ ሰዓት ይዞ በትንሽ ወጪ ብዙ ማትረፍ» የሚለኝ ሊኖር ይችላል። ክሱ ቀላል አይደለም። ሁለት ዓይነት ጥቂት አለ። አንደኛው ፈተና ሲደርስ «ለማለፊያ ያህል ስንት ገጽ ላንብብ?» እንደሚለው ተማሪ ነው፤ የሚጠይቀው ከዚህ በታች ስንት ቢሆን እቀጣለሁ ብሎ ነው። ሁለተኛው ግን የሚፈልገውን ዐውቆ፣ ለሚፈልገው የሚበቃውን ከሰጠ በኋላ የቀረውን ጊዜውን ለሌላ ለሚወደው ነገር የሚያውል ነው። የመጀመሪያው ስስት ነው። ሁለተኛው ቁጥብነት ነው። ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ዓርብ ማታ ብረቱን አስቀምጠው ይሄዳሉ። የሚለያዩት በሚሄዱበት ቦታ ነው።

ደግሞ ለሁሉ ነገር ጥቂት ይበቃል አልልም። ግጥም የሚወድ ሰው ዝቅተኛው ስንት ስንኝ ነው ብሎ አይጠይቅም። እስክስታ የሚወርድ ሰው ለትከሻ ጤና የሚበቃው ስንት ደቂቃ ነው አይልም። ክብደት ማንሣት ራሱ ጥበቡና ፍቅሩ የሆነ ሰው ካለ ቀኑን ሙሉ ያንሣ፤ እሱ ሌላ ነው። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ከሸፈኑበት በኋላ በዓመቱ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታ በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል። ለዚያ ሰው ክንድ «ይበቃል» የሚለውን ልክ የሚነግረው ማን ነው? እኔ የምናገረው መሣሪያ ስለሚፈልግ ሰው ነው፤ አካሉ ለሌላ ሕይወት እንዲያገለግለው ስለሚሻ፣ እንደ ብዙዎቻችን።

ስለ ምግብም አንድ ቃል ሳልል አላልፍም፤ ጡንቻ ከሳህን ነውና የሚመጣው። ወጣቱ ሲሉ ሰምታ እንደሞተችው ዶሮ የውጭ ዱቄት ፍለጋ ሲንገላታ አያለሁ። የካፍቴሪያችንን ሽሮ መናቅ ፋሽን ሆኗል (ቅጥነቱን በተመለከተ እኔም ከናቂዎቹ ጋር ነኝ)። ቢሆንም ጥራጥሬ የሚጎድለውን የፕሮቲን ዓይነት እህል ይሞላዋል፣ እህል የሚጎድለውን ጥራጥሬ ይሞላዋል፤ ሽሮ በእንጀራ ያገናኙት እናቶች ይህን ከመጽሐፍ አላነበቡም። ጥያቄው ብዛቱ ነው፤ የሚጠግብ ያህል ሲገኝ።

ጉልበት ለምን እንደሚፈለግ የሚጠራጠር ካለ ደግሞ ወደ ሽማግሌዎች ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ ዕድሜያቸው 90 ዓመት አካባቢ የሆነ 10 አረጋውያን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደርጎ ነበር። 9ኙ ጨረሱት። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ። እዚያ መስተዋት ያየ፣ ክንድ ያወዳደረ የለም። እጅ ሳይደግፉ ከወንበር መነሣት፣ ማንንም ሳይጠሩ እስከ መጸዳጃ ቤት መሄድ፤ የሚፈለገው ይህ ነው። ይህን ጥናት ለወዳጄ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው» አለኝ፤ «ከመደብ ስትነሣ እጇን ትደግፋለች። አሁን ላንተ ብረት ስጣት ትለኛለህ ወይስ ወንበር?»

«ሁለቱንም» አልሁት። «መጀመሪያ ግን ዕረፍት።»

«ዕረፍቱን ከየት አምጥቼ?»

ብረቱ አሁን ከሕንፃው ደረጃ ሥር ነው የሚቀመጠው። ማክሰኞና ዓርብ ከእኔ ጋር የሚያነሡ ሦስት ልጆች አሉ፤ አንዷ ሴት ናት፣ ከእኔ ቀድማ 30 ፑሽ አፕ ደርሳለች። ወዳጄ በአጠገባችን እያለፈ ሰላም ይለናል። አብሮን ግን አላነሣም። ስንጠራው «የጠየቅሁህን መልስልኝና» ይላል፤ ደረጃውንም ይወጣል።